«አኩርፎ ይወጣል፤ ንቆኝ ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ስንጋጭ ባለቤቴ መልስ ሳይሰጠኝ ጥሎኝ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ቀን ኩርፊያ ነው። ንቆኝ ይሆን?

መልስ፦ ንቀት ነው ለማለት አይቸኩሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ጎትማን በአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን እየለካ አጥንቷል። ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲወጣ ሰው የሚነገረውን በቅጡ መስማት ያቅተዋል። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው አፉን ይለጉማል፤ የሚለጉሙት ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው።

ስለዚህ የሚጎዳው መውጣቱ ሳይሆን መቼ እንደሚመለስ ሳይናገር መውጣቱ ነው። ሰላም በሆናችሁበት ቀን አንድ ደንብ አብጁ፦ ንዴቱ የበረታበት ሰው «አሁን አልችልም፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንጨርሰው» ብሎ ይነሣ፤ ሰዓቱ ሲደርስም ወሬውን የሚጀምረው እሱ ራሱ ይሁን። ሰውነት ለመብረድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያ መሀል «እንዲህ ትለኛለች!» እያሉ መልስ ሲያሰናዱ ከቆዩ ግን ሙሉ ቀንም አይበቃም። ልብስ ማጠፍ ወይም ሰፈር ዞሮ መምጣት ይሻላል። ስትገናኙ በ«አንተ ሁልጊዜ» አይጀምሩ። «ትናንት ሳትደውል ስታመሽ ሰጋሁ፤ ስታመሽ ደውልልኝ» ይበሉት።

ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ይህ ምክር ለእርስዎ አይደለም። ደኅንነትዎ ይቀድማል፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ሞባይል ሲከለከል መሬት ላይ ይንከባለላል። እኔ ብከለክለውም እናቴ አንጀቷ አልችል ብሎ ትሰጠዋለች።

መልስ፦ አንዴ ተከልክሎ አንዴ የሚሰጠው ልጅ ልቅሶውን ቶሎ አይተውም፤ እስኪሰጠው ማልቀስን ይማራል። ከተከለከለ ላለመስጠት ከወሰናችሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ እንደሚብስ ከወዲሁ ይወቁ። ብዙ ወላጅ «አልሠራም» ብሎ እጅ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ልጁ የሚይዘው ትምህርት ከበፊቱ የበለጠ መጮኽን ነው። ሞባይሉን ከመስጠትዎ በፊት «አንድ አጭር ፊልም ብቻ፤ ከዚያ ውጭ እንወጣለን» ይበሉት። ሲያለቅስ አጠገቡ ይቀመጡ፤ «ተናደድክ፣ ገብቶኛል» ካሉ በቂ ነው፣ ምክር አያብዙ። ሲረጋጋ ይቀፉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል።

እናትዎን በልጁ ፊት አያርሙ። ሞባይሉ ሲነሣ ተረት የምትነግረው እሷ ትሁን፤ አያት ባዶ እጇን ሆና ልቅሶ መስማት ይከብዳታል።

ጥያቄ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እነቃና የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ሳሰላ ይነጋል።

መልስ፦ ለሐሳቡ የቀን ቀጠሮ ይስጡት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 ያቀረቡት ዘዴ ነው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ 30 ደቂቃ መጨነቅ። ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ። አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ በአንዱ በኩል መፍትሔው በእጅዎ ያለውን ሐሳብ፣ በሌላው በኩል በእጅዎ የሌለውን ይጻፉ። በእጅዎ ካለው ሥር ነገ የሚያደርጉትን አንድ ነገር ብቻ ያስፍሩ፤ «ጠዋት ለአከራዩ ደውዬ የሁለት ሳምንት ጊዜ እጠይቃለሁ» ዓይነት። ሌሊት ሲመጣብዎ «ለነገ 11 ሰዓት» ብለው ያስተላልፉት። 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ (ሰዓት ሳያዩ) ተነሥተው በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጡ፤ ሲያንቀላፉ ይመለሱ። ጠዋት በተለመደው ሰዓት ይነሡ፤ ቡናውንም ከምሳ በኋላ ያቁሙት።

ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር ደስ ካላለዎት ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ሞትን መመኘት ካለ የነገ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከዓረብ አገር ስደውል የ7 ዓመት ልጄ «ደህና» ብሎ ስልኩን ለአያቱ ይሰጣል። ረሳኝ?

መልስ፦ አልረሳዎትም። «ደህና ነህ? እያጠናህ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ልጅ ብዙ መልስ የለውም። «ዛሬ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?» ይበሉት፤ የሣለውን ያሳይዎ፣ እርስዎም የበሉትን ያሳዩት። በታወቀ ቀንና ሰዓት የሚደወል 10 ደቂቃ፣ ሲመች ብቻ ከሚደወል አንድ ሰዓት ይበልጣል። ቀኑ ካልተቆረጠ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አይበሉት። «ቀኑን ሳውቅ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው» ይበሉት።