ስለ ሜልበርኑ ኤምሲጂ ስታዲየም ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አውስትራሊያ ያለውን የሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ፣ በአጭሩ የኤምሲጂን፣ ታሪክ ሳነብ ዓመታት ሆነኝ፤ እስካሁን ግን አልጠገብኩትም። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የክሪኬት ሜዳ ከሆነ እግር ኳሱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከክሪኬተኞቹ ከራሳቸው! የክሪኬት ክለቡ ቦታውን ያገኘው በ1853 ነው። ክሪኬት፣ ማለትም ኳስ በዱላ የሚመታበት ስፖርት፣ የበጋ ጨዋታ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር፤ ቶም ዊልስ የተባለ ስመ ጥር ክሪኬተኛ በ1858 ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሰውነታችን እንዳይዝል የእግር ኳስ ክለብ እናቋቁም አለ። በዓመቱ ሕጉ ተጻፈ። ይሄ ግን እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም ይያዛል፣ በየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። «ፉቲ» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ሣሩን ያበላሻል ተብሎ ሜዳው ውስጥ አልገባም፤ አጠገቡ ባለው መስክ ላይ ነበር የሚጫወቱት።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ሁለቱ እንዴት ተስማሙ?

መልስ፦ ክሪኬት መሃል ላይ ድርቅ ያለ፣ የተደለደለ መሬት ይፈልጋል። ክረምት ላይ ፉቲ ሲጫወቱበት ያ መሬት ጭቃ ይሆናል። ከ1996 ጀምሮ መላ ተገኘለት። የመሃሉን መሬት ሌላ ቦታ ሣሩን አብቅለው ያዘጋጁታል፣ በጋ ሲመጣ እንዳለ አምጥተው ይተክሉታል፣ ሲያልቅ ነቅለው ይወስዱታል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ትልቁ የተመልካች ብዛት ስንት ነበር?

መልስ፦ ለፉቲ በ1970 የፍጻሜ ጨዋታ 121,696። ዛሬ የሚይዘው ወደ 100,000 ነው።

ጥያቄ፦ ክሪኬት አይገባኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ።

መልስ፦ በዓለም የመጀመሪያው የቴስት ግጥሚያ፣ ማለትም ለቀናት የሚዘልቀው የአገሮች ጨዋታ፣ በ1877 እዚሁ ተካሄደ። አውስትራሊያ እንግሊዝን በ45 ረን (የክሪኬት ነጥብ ነው) አሸነፈች። መቶኛ ዓመቱን ለማክበር በ1977 እዚያው ሲገናኙ አሁንም አውስትራሊያ አሸነፈች፣ ልዩነቱም ያው 45!

ጥያቄ፦ የእኛው እግር ኳስስ?

መልስ፦ አለ እንጂ። በ1997 አውስትራሊያ 2 ለ 0 ስትመራ ዓለም ዋንጫ የገባች መስሏት ነበር። ኢራን መጨረሻ ላይ ሁለት አገባች። ቴህራን ላይ 1 ለ 1 ስለነበሩ ኢራን ከሜዳ ውጪ ባገባችው ጎል አለፈች።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ እዚያ ተወዳድራለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1956 ሜልበርን ላይ ነው፤ በእኛ ኅዳር 1949 መሆኑ ነው። ዋናው ስታዲየም ኤምሲጂ ነበር። ማሞ ወልዴ 800 እና 1500 ሜትር ሮጠ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብልም ተሰለፈ። ሜዳሊያ አልመጣም። ሰው ሁሉ የኦሊምፒክ ታሪካችንን ከሮምና ከአበበ ቢቂላ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ግን ከዚህ ሜዳ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ በማጣሪያ የቀረው ማሞ ነው ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው።