ማት ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ ለምን ቶሎ ይቧጨራል?

እህቴ፣ በወፍራም ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ያሳተምሽው የፎቶ አልበም ጥቂት ሰው ካገላበጠው በኋላ ጥቁሩ ቦታ ላይ ነጫጭ ጭረት አውጥቷል። አሁን ደግሞ «ከዚህ የወፈረ ልግዛ ወይ?» ብለሻል። አትግዢ። ውፍረት ወረቀቱ እንዳይተጣጠፍ ይረዳል እንጂ ከጭረት አያድንም። የሚቧጨረው ቀለሙን የሚይዘው የላይኛው ሽፋን ነው።

የማት ሽፋን እንደ ጠመኔ ነው፤ ጥፍር ሲያርፍበት ይፈረፈራል። ፒግመንት የሚባለው የፕሪንተር ቀለም ደግሞ ደቃቅ ቅንጣት ስለሆነ ብዙ አይሰርግም፤ ላይ ላዩን ይቀመጣል። ሽፋኑ ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ይነሳል፣ ከስር ነጩ ብቅ ይላል። ጥቁር ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ዳይ የሚባለው የሚሟሟ ቀለም ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ጭረትን በተሻለ ይቋቋማል፣ ግን ብርሃንና አየር ላይ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ቶሎ ያደበዝዙታል።

እጅ ለእጅ ለሚዞር ፎቶ እኔ የምመርጠው ላስተር (በመጠኑ የሚያብለጨልጭ ወረቀት) ነው። ወረቀቱ ከላይም ከታችም ስስ ፕላስቲክ አለው፣ ሻከር ያለው ገጹም አሻራንና ጥቃቅን ጭረትን ይደብቃል። ግሎሲ (በጣም የሚያብለጨልጭ ወረቀት) ላይ ግን ትንሿም ጭረት ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ባሪታ (ባሪየም ሰልፌት የተቀባ የፎቶ ወረቀት) ውበቱ ልዩ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ፤ ግን እሱም ለጭረት ስስ ነው። ባሪታንና ማትን መስታወት ላለው ፍሬም አስቀሪያቸው።

አንድ ነገር አጣሪ። ጭረቱ ገና ከፕሪንተሩ ሲወጣ ካለ፣ በተለይ ጠርዝ አካባቢ ከቀለም እድፍ ጋር ከሆነ፣ የፕሪንተሩ ሄድ (ቀለሙን የሚረጨው ክፍል) ወረቀቱን እየነካው ነው። የተቆለመመውን ጠርዝ አቃኚ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽም ወፍራም ወረቀት የሚለውን ምረጪ።

ከታተመ በኋላ ለ24 ሰዓት ሳትደራርቢ አድርቂው። ስታነሺው አትጎትቺው፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺው። ብዙው ጭረት የሚመጣው አንዱ ፎቶ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ነው። በመሃል አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ጣል አድርጊበት።

አልበሙን በማት እንደገና ማሳተምሽ ካልቀረ፣ ለኢንክጄት (ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር ለታተመ ፎቶ) የተሠራ መከላከያ ስፕሬይ አለ። በደንብ ከደረቀ በኋላ አየር ባለበት ቦታ ስስ ስስ አድርገሽ ደጋግመሽ ንፊበት። መጀመሪያ ግን የተበላሸ ፎቶ ላይ ሞክሪው፤ የጥቁሩን መልክ ትንሽ ሊቀይረው ይችላል።