ጋሼ እርሳስ አንሱ ይሉናል፣ እኛ ሬቪት እንላለን

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለዝግጅት ክፍሉ። የምፅፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ በአርክቴክቸር ተመርቄ አንድ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ እየሰራሁ ነው። የቢሮአችን ባለቤት በእድሜ ገፋ ያሉ አርክቴክት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በቲ ስኩዌር ማስመሪያና ትሬሲንግ ፔፐር በሚባለው ስስ ወረቀት የሰሩ ሰው ስለሆኑ ማንኛውንም ስራ ስንጀምር "መጀመሪያ በእርሳስ ሳሉልኝ፣ ኮምፒውተሩ ይደርሳል" ይሉናል። እኛ ደግሞ ቀጥታ ሬቪት በሚባለው የህንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ብንጀምር ብዙ ጊዜ እናተርፋለን ባይ ነን። አሁን መንዝ ውስጥ ያለ የድሮ የድንጋይ ቤት አድሰን ለእንግዳ ማረፊያ እንድናዘጋጅ፣ ከጎኑም ባለ 3 ፎቅ አዲስ ህንፃ እንድንሰራ ስራ መጥቶልናል፣ ክርክሩም በዚ ስራ ባሰበት። ማነው ልክ? እኔስ ጊዜዬን የቱ ላይ ላውለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጣላችሁ ስራ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፣ ስለዚህ መልሴም ሁለት ነው። ለድንጋዩ ቤት ጋሼን ስማቸው። ለፎቁ ደግሞ ሬቪት ላይ የህንፃውን ሞዴል ከመጀመሪያው አንስታችሁ ስሩ፣ ይሄን ለጋሼም በአክብሮት አስረዷቸው።

ከድንጋዩ ቤት ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚጋ ነው። ሬቪት ከፍተህ ግድግዳ ልሳል ስትለው የሚያቀርብልህ "ጄነሪክ 200 ሚሊ ሜትር" የሚባለውን ነው፣ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል የሆነ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ። የመንዝ ቤት ግድግዳ እንደዛ ነው እንዴ? ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ነው፣ አንዱ ጋ 55 ሳንቲም ሆኖ ሌላው ጋ 70 ሊሆን ይችላል፣ ከስር ሰፍቶ ወደላይ የሚጠብ አለ፣ ክቡም እውነተኛ ክብ አደለም። ይሄንን በ200 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ብትተካው በኋላ የምታዙት በርና መስኮት አንዱም ቦታው ላይ አይገባም።

ስለዚህ አንዱ ሜትር ይያዝ፣ አንዱ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። ቤቱ ክብ ከሆነ ከመሀል ምሰሶው ተነስታችሁ ወደ ዙሪያው በተለያየ አቅጣጫ ለኩ፣ አራት ማእዘን ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ዲያጎናል ለኩ፣ ሁለቱ እኩል ካልመጡ ማእዘኑ 90 አደለም ማለት ነው። ስንጥቁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም፣ ውሀ የገባበት የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ድንጋይ ከቦታው እንደወጣ እዛው ቆማችሁ በ1 ለ 50 ስኬል ሳሉት። እጅ ሲስል አይን ይገደዳል፣ ፎቶ አንስቶ የሄደ ሰው ያላየውን እርሳስ የያዘው ያያል፣ እኔ በዚ ጉዳይ ላይ ወደኋላ አልልም። ከዛ ቢሮ ገብታችሁ በለካችሁት ልክ የራሳችሁን ግድግዳ ሬቪት ውስጥ ፍጠሩ፣ ያኔ ሞዴሉ እውነት ይሆናል።

የጋሼን አባባል ከየት እንደመጣም ልብ በል። ሮትሪንግ በሚባለው የቀለም ብእር ትሬሲንግ ላይ የሳለ ሰው ሲሳሳት ቀለሙን በምላጭ ፍቆ ነው የሚያነሳው፣ ደጋግመህ ከፋቅከው ደግሞ ወረቀቱ ይበሳል። ስለዚ መስመሩን ከማስመሩ በፊት ያስብ ነበር። እናንተ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ማሰቡም አብሮ እንዳይቀር ነው ሰውዬው የሚጨነቁት።

አሁን ወደ ፎቁ እንምጣ። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ህንፃን በ3 ምድብ ከፍሎ፣ ለህዝብ መገልገያ የሚውለውን ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ምድብ ሐ ውስጥ ነበር ያስገባው። እንደዚ አይነት ስራ ላይ አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሀንዲሱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሳኒተሪው ሁሉም የየራሱን ይስላል፣ ጣጣው የሚመጣውም የሁሉም ስእል አንድ ህንፃ ውስጥ ሲገናኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳይህ። ከ2ኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚወጣ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዝቅ እያለ ይሄዳል እንበል፣ 4 ሜትር ሲሄድ 8 ሳንቲም ወርዷል ማለት ነው። ፕላኑ ላይ ቱቦው መስመር ነው፣ የስትራክቸሩም ፕላን ላይ ቢሙ፣ ፎቁን የሚሸከመው አግድም አርማታ፣ መስመር ነው፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ ልክ ናቸው፣ ያቺ 8 ሳንቲም ግን ቱቦውን ከቢሙ ጋር ታጋጨዋለች። ሞዴሉ ውስጥ ሁሉም ከነከፍታው ስላለ ግጭቱ ስክሪን ላይ ይታያል። በሞዴል ካልታየ የሚያገኘው የቧንቧ ሰራተኛው ነው፣ አርማታው ከደረቀ በኋላ፣ መሮና መዶሻ ይዞ ቢም ይሰብራል፣ ፌሮ ይቆርጣል፣ ይሄ ደግሞ የሰው ህይወት ነገር ነው!

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፣ አውቶካድ የሚባለውን የስእል ሶፍትዌርና ሬቪትን ሁለቱንም "ኮምፒውተር" ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቅ። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የተካው እጅን ነው፣ መስመሩ ያው መስመር ነው፣ በማውስ ተሳለ እንጂ። ሞዴሊንጉ ሌላ ነው። የሀንጋሪው ግራፊሶፍት በ1984 ያወጣው፣ በኋላ አርኪካድ የተባለው፣ ከዛም በ2000 የወጣውና አውቶዴስክ በ2002 በ133 ሚሊየን ዶላር የገዛው ሬቪት፣ እነዚህ ላይ ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን፣ መስኮቱም የሱ መሆኑን ሶፍትዌሩ ያውቃል። መስኮቷን ፕላን ላይ ብታሰፋት ኤሌቬሽኑም (የውጪ ገፅታው ስእል) ሴክሽኑም (ህንፃው ተቆርጦ የሚታይበት ስእል) የመስኮት ዝርዝሩም አብሮ ይስተካከላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2016 ጀምሮ በማእከላዊ መንግስት በጀት ለሚሰሩ ህንፃዎች በዚ በሞዴሊንጉ መንገድ ካልሰራችሁ አይሆንም ያለችውም ለዚ ነው። ሬቪትን ገዝቶ እንደ አውቶካድ መስመር ብቻ የሚስልበት ቢሮ ግን ያወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ጊዜዬን የቱ ላይ ላውል ላልከው፣ ሬቪትህን በደንብ ቻል፣ ስራ የሚያስቀጥርህ እሱ ነው። ግን ደረጃ ስትሰራ ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ወረቀት ላይ አስላው፤ የፎቁ ከፍታ 3.06 ሜትር ቢሆን በ17 ሳንቲም 18 እርምጃ ይሆናል፣ መርገጫው 30 ሳንቲም ከሆነ ሁለት ጊዜ 17 ሲደመር 30፣ 64 ይመጣል፣ ለሰው እግር ይመቻል። ይሄንን የማያውቅ ልጅ ሶፍትዌሩ የሰጠውን ደረጃ ሁሉ ይቀበላል። ፀሀይም እንደዛው ነው። ፕሮጀክቱ ያለበትን ቦታ ካላስገባህለት ሶፍትዌሩ የሌላ አገር ፀሀይ ነው የሚያሳይህ። የኛ የቀትር ፀሀይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሀሴ 20ዎቹ በሰሜን በኩል ናት፣ በብርዱ በጥቅምትና በህዳር ግን በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትመጣለች፣ በመንዝ ብርድ እንግዳ የሚያሳድር ቤት ደግሞ መስኮቱን ወደ ደቡብ ካላዞረ ምን ዋጋ አለው። የሶፍትዌሩ ክፍያ ከከበዳችሁ ፍሪካድ የሚባለውን ሶፍትዌር በነፃ አውርዳችሁ መለማመድ ትችላላችሁ፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የጋሼ ጠረጴዛ አለላችሁ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ጡረታ ወጥቼ አንድ መኝታና ሳሎን ያለው ምድር ቤት ልሰራ ነው። ፕላን የሚያወጣው ልጅ በጣም የሚያምር ባለቀለም ስእል በስልኬ ላከልኝ፣ ልክ ቤቱ ያለቀ ይመስላል። ይሄ ይበቃል ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ አይበቃም። ያ ስእል ቤቱን ከውጪ ያሳይዎታል እንጂ ግንበኛ አይሰራበትም። ልኬት የተፃፈበት ፕላን፣ የመሰረቱ ጥልቀት የሚታይበት ሴክሽን፣ የጣሪያውም ስእል ይስጥዎት፣ በእጅ ይሳለው በኮምፒውተር ለእንደዚህ አይነት ቤት ለውጥ የለውም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሆነ መኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምእራብ እንዳይሆን፣ ንፋስም በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ይጠይቁት። መሰረት ከመቆፈሩ በፊት ደግሞ ክፍሎቹን መሬቱ ላይ በኖራ ያስምሩልዎትና ውስጡ ገብተው ይራመዱበት፣ አልጋዎ በየት በኩል እንደሚሆን፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት እዛው ይዩት። ጠበበኝ ካሉ ያኔውኑ ይንገሩት፣ ኖራ ማጥፋት ቀላል ነው።