ልጄን ጌም በላብኝ

ጤና ይስጥልኝ። አሁንስ ትዕግስቴ አለቀ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምንኖረው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ 9ኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ፒያሳ ጌም ቤት ይገባል። ማታ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ፍሪ ፋየር ይጫወታል። ብቀማው የጓደኛውን ይዋሳል። ብር ብከለክለው የምሳውን ይቆጥባል። ብመታው፣ ብለምነው፣ የንስሐ አባታችን ቢመክሩት ወይ ፍንክች! አምና ከክፍሉ 5ኛ ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 34ኛ! ሒሳብና ፊዚክስማ አይነሳ። ስጠይቀው «ሰሌዳው አይታየኝም፣ ኋላ ነው የምቀመጠው» ይላል። ሰበብ መቼ ያጣል! ጌሙ ሲሆን እንዴት ይታየዋል? ሱሰኛ ሆኗል። አባቱ ሹፌር ነው፤ ብቅ ሲል ተቆጥቶ ይሄዳል። የጎረቤት አፍ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። አዘዞ ጋራዥ ያለው አጎቱ «ካልተማረ እኔ ጋር ይምጣና ሙያ ይልመድ» ብሎኛል። ከትምህርት ቤት ላስወጣው ይሆን?

እናቱ

*

እህቴ፣ ስለ ጌሙ ከማውራታችን በፊት ልጅሽን ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ዛሬ ነገ አትበይ።

«ሰበብ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር አስደነገጠኝ። ሰሌዳው አይታየውም፣ ስልኩ ይታየዋል። ይሄ ውሸት አይደለም። ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን የማያይ ዓይን እንዲህ ነው። አፍንጫው ላይ መለጠፉንም ራስሽ ጽፈሽዋል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትምህርት ዕድሜ ነው፤ ልጁ ሲያድግም እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ለረጅም ሰዓት በቅርብ ማፍጠጥና ውጭ ብርሃን ላይ አለመዋል ችግሩን ያባብሱታል፤ ስለዚህ ጌሙን ነጻ ነው አላልኩም። ግን ሒሳብና ፊዚክስ እኮ ሰሌዳ ላይ የሚሠሩ ትምህርቶች ናቸው! ሌላው ውጤቱስ እንዴት ነው? ካርዱን አውጪና እዪው።

ጎንደር ሆነሽ ሩቅ አትሄጂም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፤ ዓይን ለክተው መነጽር የሚያዙ ባለሙያዎችም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያሠለጥናል። መነጽር ካዘዙለት ግዢለት። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚልሽን ሰው አትስሚ፣ ሐሰት ነው። ጤነኛ ነው ቢሉሽም አልከሰርሽም። ልጁ እናቴ አመነችኝ ይላል።

ሱሰኛ ያልሽው ግን አስከፋኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የጌም ሱስን በሽታ ብሎ ሲመዘግብ፣ ሕይወትን የሚያናጋ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት መታየት አለበት ይላል። አንቺ በአንድ መንፈቀ ዓመት ፈረድሽበት። ክፍል ውስጥ ሁሉ ነገር ከደበዘዘበት፣ አጥርቶ የሚያየውና የሚያሸንፈው እዚያች ስልክ ላይ ብቻ ነው። በእሱ ዕድሜ ማን ወደዚያ አይሸሽም?

ሌሊቱን ግን አልምርለትም። በዚህ ዕድሜ በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት። ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር፣ ያንቺም አብሮ ይደር። ያንቺ ትራስሽ ሥር ካደረ የሱን መውሰድ ቅሚያ ይሆንበታል። ዱላውን ተይው፤ ሠርቶ ቢሆን እስካሁን ሠርቶ ነበር።

አጎቱን አመስግኚና እንቢ በይው። ሙያ ንቄ አይደለም። በቅጣት የተላከ ልጅ ግን ሙያውንም አጎቱንም ይጠላል። አምና 5ኛ የወጣ ልጅ ደግሞ ምን ሆኖ እንደወደቀ ሳይመረመር ከትምህርት አይወጣም!

የሐኪሙ ወረፋ እስኪደርስ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሂጂ። የክፍል ኃላፊውን አነጋግሪና ፊት ወንበር ያስቀምጡት። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።