መልስ፦ ለሰፈር ወጣቶች ማኅበር የትኛው የአመራር ዘይቤ ይሻላል?

ወንድሜ፣ የማኅበራችሁ ሰብሳቢ ሁሉን ብቻውን እንደሚወስን ገልጸህ «እንቀይረው ወይስ እንታገሠው?» ብለሃል። መጀመሪያ እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው ይቀጥል እንደሆነ ተመልከቱ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በአሜሪካ አዮዋ፣ 10 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በክበብ አደራጅተው ይህንኑ ፈትነዋል። አዛዥ መሪ የነበራቸው ልጆች በርትተው ይሠሩ ነበር፤ መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከመሪያቸው ጋር እየተማከሩ የሚሠሩት እርሱ ቢወጣም ቀጠሉ። «እንዳሻችሁ» ተብለው የተተዉት ደግሞ ሥራቸው ደካማ ሆነ። እኛ ዴሞክራሲ እያልን ብዙ ጊዜ የምንሠራው ይህን የመጨረሻውን ይመስለኛል!

ያም ሆኖ ትእዛዝ የሚያስፈልግበት ሰዓት አለ፤ ጎርፍ ሰፈር ሲገባ ስብሰባ አይጠራም። የመዋጮው መጠንና የገንዘቡ አያያዝ ግን በጋራ ይወሰን። በዚህ ረገድ ከዕድር ተማሩ፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ደግሞ የጊዜ ገደቡን ውሰዱ፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፣ ተረካቢዎቹም አስቀድመው ይዘጋጃሉ። ለእናንተ 8 ዓመት እጅግ ይበዛል፣ አንድ ዓመት ይበቃል።

ሰውየውን አሁኑኑ ከማውረድ ይልቅ የሚቀጥለውን የጽዳት ዘመቻ ሌላ አባል እንዲመራ ጠይቁት። እምቢ ካለ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ አዲስ ሰው ምረጡ።