የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ 300 ተመዝግቦ 80 ሲመጣ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ቅስቀሳና ምልመላው ለእኔ ተሰጥቷል። አምና ፒያሳ ላይ ባነር ሰቀልን፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና አዞርን፣ 300 ወጣት መዘገብን። ሥራው ሲጀመር የመጣው 80 ነው። ዘንድሮ ቅስቀሳውን በምን እናጠናክረው?

መልስ፦ ቅስቀሳውን ለጊዜው ይተዉት። 300 ሰው ስሙን ከሰጠ ወሬው ደርሷል ማለት ነው፤ ሰው የጠፋባችሁ ከምዝገባ በኋላ ነው። የአምናውን መዝገብ ያውጡና ከየስሙ አጠገብ ሁለት ቀን ይጻፉ፤ የተመዘገበበትንና መጀመሪያ የተደወለለትን። መሀሉ ሦስትና አራት ሳምንት ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ የቀን ሥራ ያገኛል፣ ሌላው ሲም ይቀይራል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ግቢው ሲዘጋ አገሩ ይገባል። ስለዚህ «ክረምቱን ደሴ ነህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከቅጹ አናት ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ቁጥሩን ከሥራው ተነስተው ያስሉ። ለምሳሌ የማጠናከሪያ ትምህርት በ6 ክፍል፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በየክፍሉ 2 ሰው ቢያስፈልግ 36 ተራ ይሆናል። አንድ ሰው በሳምንት 2 ተራ ከያዘ 18 ሰው ይበቃል፤ ለታመመና ለቀረ 6 ይጨምሩና 24 በሉ። የቦይ ጠረጋ ደግሞ የሚለካው በአካፋ ነው። 12 አካፋ ይዞ 60 ሰው መጥራት 48ቱ ቆመው እንዲያዩ መጋበዝ ነው፤ ቆሞ የዋለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። ከሁሉም ጥፋት ይህን እንፈራለን፣ ምክንያቱም በሪፖርት ላይ ብዙ ሰው የወጣበት ቀን ተብሎ ስለሚያምር ማንም አያርመውም።

ጥሪው ራሱ ሥራውን ይናገር። «ወጣቶች ሆይ፣ ለበጎ ፈቃድ ተመዝገቡ» የሚለውን ሰምቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፤ በደሴ ዳገት ላይ የሚሄድ ሞንታርቦ ደግሞ «ወጣቶች» ካለ በኋላ ያለውን ይዞት ያልፋል። ይህን ይመስል፦ «ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለውን የጎርፍ ቦይ እንጠርጋለን። አካፋና ጓንት አለ፤ ቦት ያለው ይዞ ይምጣ። 12 ሰው ይበቃናል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይቁረጧት። ልክ ያለው ጥሪ «እኔ ባልሄድ ይጎድላል» ያሰኛል።

ቅጹ ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ የራስ ስልክ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የሚችልበት ቀን፣ የመረጠው ሥራ፣ የጫማ ቁጥር። ቦት የምታድሉ ከሆነ የጫማ ቁጥሩን ቀድሞ አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ጠዋት በረድፍ የቆመ ሰው ያሳያችኋል። ከ18 ዓመት በታች ላለ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ቤት ጥገና ላይም ጣራ አይወጣም፣ ደም ልገሳ ላይም አይመዘገብም።

ለአንድ ደዋይ 20 ስም ይስጡ። ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያወራ አንድ ሰዓት ነው። በተመዘገቡ በሦስት ቀን ውስጥ ይደውላል፣ ከዚያ በሥራው ዋዜማ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ይደግማል። የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወሻ ይጠቅማል እንጂ የስልክ ጥሪን አይተካም፤ «እሺ» ብሎ በድምፁ ቃል የገባ ሰው መቅረት ያፍራል።

ስለ ጊዜ፦ ቦይ የሚጠረገው ዝናቡ ሳይጠና፣ በሰኔ ነው፤ በሐምሌ የሚጠረገው የወረደ ጭቃ ነው። ችግኝ መሬቱ ሲርስ፣ በሐምሌ። ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ ሥራው ጠዋት ይሁን። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጁምዓ ነው፣ ምንም አትቅጠሩ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱት ይጎድላሉ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ተራውን አሳሱ።

ደግሞ ቅሬውን፣ ማለትም የሰፈሩን እድር፣ አትርሱ። ወሎ ውስጥ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚያገኝ ከዚያ የተሻለ መድረክ የለም። የስብሰባውን ቀን የቅሬውን ዳኛ (መሪውን) ቀድመው ይጠይቁ፤ በየወሩ የሚሰበሰብ ከሆነ አንዱ ሲያመልጥዎ ወር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ ይጀምሩ። ሲናገሩም የአቅመ ደካማ ቤት ጥገናውን ያስቀድሙ። ቤቱ ያዘመመው የማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ፤ ደቦ መጥራቱንም ከእኛ ይልቅ ይችሉበታል።

ጥያቄ፦ እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። ጓደኞቼም ማገልገል ይፈልጋሉ፣ ግን ቋሚ ቀን የለንም። እንዴት እንመዝገብ?

መልስ፦ ለአንድ ቦታ በተቃራኒ ፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ተጣምረው ይመዝገቡ፤ አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ትገኛለች። የፈረቃውን ሰንጠረዥ ለአስተባባሪው ስጡት። ሌሊት አድራ የወጣች ሠራተኛ ግን በዚያው ጠዋት መሰላል ላይ ወይም የመኪና መንገድ ዳር አትመደብ። መልማዮችም በመውጫ ሰዓት በር ላይ አይቁሙ፤ ሰው ሰርቪስ ሊያመልጠው እየሮጠ ቅጽ አይሞላም። ከሰው ኃይል አስተዳደሩ ፈቃድ ጠይቀው በምሳ ሰዓት ቢመጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አበል ካልከፈልን ሰው ይመጣል? ቲሸርትስ?

መልስ፦ አበል አይክፈሉ። የታክሲና የሻይ ግን ከኪሱ አይውጣ፤ በዕለቱ ይስጡት፣ ያስፈርሙት። ቲሸርቱን በምዝገባ ቀን አያድሉ፤ ሦስተኛ ቀኑን ለመጣ ሰው ያቆዩለት።