ምላጩን አስቀምጡልኝ፦ ስለ እግርና ጥፍር ለጠየቃችሁኝ

ክረምት ሲገባ ስለ እግር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ከአስፋልቱ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ድረስ ጭቃ፣ ቀኑን ሙሉ ቦቲ፣ ማታ የረጠበ ካልሲ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። የዛሬዎቹ ጠያቂዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በሌላው ዓለም እግርን ብቻ የሚያክም ፖዲያትሪስት የሚባል ባለሙያ አለ። እኛ ጋ ሥራውን በአብዛኛው የቆዳ ሐኪም፣ የአጥንት ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪምና የስኳር ክትትል ነርሶች ተከፋፍለውታል። ስለዚህ "ታከሙ" ስል፣ ወደ ማን እንደምትሄዱም ለመጠቆም እሞክራለሁ።

ከኮዬ ፈጬ አንዲት እናት፦ የ16 ዓመት ልጃቸው የአውራ ጣቱ ጥፍር ወደ ሥጋው እየገባ ያብጣል። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ጥጉን በምላጭ ያወጣለታል። ይሻለዋል፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ይመለሳል። ለምን?

የሚመልሰው ምላጩ ነው። ጥጉ ሲጠረብ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ሹል ቁራጭ ይቀራል። ጥፍሩ ሲያድግ ያ ሹል ሥጋውን እየወጋ ይሄዳል። ገና ቀላ ብሎ የሚያም ከሆነ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለ15 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፈው፣ በደንብ ያድርቀው፣ ጣት የማያጣብቅ ጫማ ያድርግ። ጥፍሩንም ቀጥ አድርጎ ይቁረጠው፤ ጥጉን አያክብበው።

መግል ከያዘ ወይም ጥፍሩ አጠገብ ቀይ ሥጋ ከበቀለ ግን ይህ ጊዜ አልፎበታል። ጥቃቅን ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ጤና ተቋም ይውሰዱት። ጣቱ ሥር የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል። ከዚያ የገባው ጎን ብቻ በቀጭኑ ተቆርጦ ይወጣል። ፌኖል የሚባለው ኬሚካል ካለ ሥሩ ላይ ይደረጋል፤ ያ ጎን ተመልሶ እንዳይበቅል ነው። በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም፤ የሚወጋው ቁራጭ እዚያው አለና። "ጥፍሩን ሙሉውን ንቀሉለት" ብለውም አይጠይቁ፤ ሙሉው የተነቀለ ጥፍር ብዙ ጊዜ ያንኑ ችግር ይዞ ይበቅላል።

ከጀሞ፦ የእግር ጥፍር በስንት ቀን ይቆረጣል?

ሲረዝም። በወር ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚያድገው፤ በየሳምንቱ መቁረጥ አያስፈልግም።

ከለገጣፎ አንዲት ወጣት፦ ሁለት የእግር ጥፍሮቿ ወፍረው ቢጫ ሆነዋል። ነጭ ሽንኩርት አስራበት አደረች፤ ቆዳዋ ተላጠ። ከፋርማሲ የገዛችው ቅባትም አልሠራም። አሁን በጥፍር ቀለም ሸፍናዋለች።

ነጭ ሽንኩርቱን ተይው እህቴ። ጥሬው ታስሮ ሲያድር ቆዳ ያቃጥላል፤ አንቺም አይተሽዋል። የቆዳ ፈንገስ ቅባት ደግሞ ወፍራም ጥፍር ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ግን ከመድኃኒት በፊት ምርመራ ይቅደም። የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ጠባብ ጫማም፣ ሶራያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመምም ያንኑ ይመስላል። ከጥፍሩ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቀለሙን አስለቅቀሽ ሂጂ።

ፈንገስ ከሆነ የተለመደው መድኃኒት ተርቢናፊን ነው፤ ባለ 250 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ በቀን፣ ለ12 ሳምንት። ጉበት ላይ ጫና ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጓደኛ ተቀብሎ አይወሰድም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ጉበትሽን ታመሽ ከነበረ ተናገሪ። ከዚያ ታገሺ። መድኃኒቱ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ጤነኛው ጥፍር እስከ ጫፍ ለመድረስ ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይወስድበታል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር "አልሠራልኝም" ብሎ የሚያቋርጠው ይህን የሚነግረው ስላጣ ነው። ፔዲኪር የምትሠሪ ከሆነ መቁረጫና ሞረድሽን ከቤት ይዘሽ ሂጂ።

ከገላን፣ ግንባታ ላይ የሚሠራ፦ በጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ያሳክከዋል፣ ይሸታል።

የቦቲ ፈንገስ ነው። ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን ሁለቴ ቀባው። ከጠፋ በኋላም ሁለት ሳምንት ቀጥል፤ የሚያገረሽበት ቶሎ ስለሚተዉት ነው። ዋናው ግን ማድረቅ ነው። ደረቅ ካልሲ በፌስታል ይዘህ ውጣና ምሳ ሰዓት ላይ ቀይር። ማታ ቦቲውን ገልብጠህ አናፍሰው። በአንድ ወር ካልለቀቀህ ወይም እግርህ ካበጠ ጤና ጣቢያ ታይ።

ከሰበታ፦ ልጆቹ ገጠር ሰንብተው ሙጃሌ ይዘው መጡ። አያታቸው በመርፌ እያወጡላቸው ነው፤ ጋዝም ይቀባል። ልክ ነው?

ጋዙ ይቅር። ቆዳ ያቆስላል እንጂ አይጠቅምም። መርፌው ላይ ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ ለሦስት ልጅ አንድ መርፌ አይሁን። በደም የሚተላለፍ በሽታ እንዲህ ይሻገራል። ከተቻለ ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ያውጡላቸው። የቴታነስ ክትባታቸውም ይታይ፤ ሙጃሌ የወጣበት ቀዳዳ ለቴታነስ በር ነው። ከዚያ ጫማ። ቁንጫዋ የምትኖረው አፈሩ ውስጥ ስለሆነ ጫማ የሌለው እግር ደጋግሞ ይያዛል።

ከሱሉልታ አንድ ሯጭ፦ ከቁልቁለት ልምምድ በኋላ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቆረ። ይነቀል?

አይነቀልም። ጫማህ ጠቦህ ነው፤ ቁልቁል ስትወርድ ጣትህ ከፊቱ ጋር እየተጋጨ ሥሩ ደም ቋጥሯል። በግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ፈልግ። ጥቁረቱ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት እየገፋ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። በየወሩ ፎቶ አንሳው። ጥቁረቱ ወደ ፊት ካልሄደ፣ ከሥሩ የሚነሳ መስመር ሆኖ እየሰፋ ከመጣ፣ ወይም ጥፍሩን አልፎ ቆዳው ላይ ከፈሰሰ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሳትውል ሳታድር ሂድ። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚባል ካንሰር ተገኘበት። ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ጣት ስለነበር ነገሩ በጉዳት ተሳቦ ነበር። በ1981፣ ገና በ36 ዓመቱ አረፈ። ሕመሙ ብርቅ ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሲመጣ ግን የሚመርጠው ውስጥ እግርንና የጥፍር ሥርን ነው። በብዙ ጥፍሮች ላይ ለዓመታት የኖረ ቀጭን መስመር አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ነው፤ በእሱ አትጨነቅ።

ከቱሉ ዲምቱ አንዲት ልጅ ስለ እናቷ፦ እናቷ ስኳር ካለባቸው 14 ዓመት ሆኗቸዋል። ውስጥ እግራቸው ላይ መጅ አለ፤ እሑድ እሑድ በምላጭ ይጠርቡታል። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ መሃሉ ቆስሏል። በጨው ውሃ ይዘፈዝፉታል። "አያመኝም፣ ተዉኝ" ይላሉ። ምን ልቀባቸው?

ምንም አትቀቢያቸው። ነገ ጠዋት ይዘሻቸው ውጪ። ክትትል የሚያደርጉበት ቦታ ቀጠሯቸው ሩቅ ቢሆንም "ቁስል አለ" በይና ግቢ።

እኔን የሚያስፈራኝ "አያመኝም" የሚለው ነው። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ሕመም መሰማቱ ያቆማል። ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጠውት የሚውሉ ሰዎች አይቻለሁ። መጁ የተነሳው ያ ቦታ ሁልጊዜ ስለሚጫን ነው። ቆዳው እየደነደነ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጨፈልቃል። ከላይ የምታይው ትንሽ ቀዳዳ ይሆናል፣ ከሥር ግን ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሚቆረጡት እግሮች የአብዛኞቹ መነሻ እንዲህ ያለ ቁስል ነው።

ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ፣ ሳይደረግ ከቀረ እንድትጠይቂ። ዓይናቸውን አስጨፍኖ በቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግራቸውን ይነካል፤ ክሩ በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ ነው፤ ካልተሰማቸው ነርቩ ተጎድቷል። ከእግራቸው ጀርባና ከቁርጭምጭሚታቸው ኋላ የደም ምት ይፈልጋል። መጁን በንጹሕ መሣሪያ ያነሳል፣ የቁስሉን ጥልቀት ያያል፣ አጥንት ደርሷል ብሎ ከጠረጠረ ራጅ ያዛል። ከዚያ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ይመጣል፦ ቁስሉን አለመርገጥ። በየቀኑ የሚረገጥ ቁስል ምንም ቢቀባ አይድንም። ስለ ልዩ ጫማ ወይም ጫናውን ስለሚቀንስ ማሰሪያ ጠይቂያቸው።

እስከዚያው ምላጩ ይጣል። ከፋርማሲ የሚሸጥ የመጅ ማቅለጫ ለእሳቸው አይሆንም፤ አሲድ ነው። ዝፍዘፋው ይቁም። ሲታጠቡም የውሃውን ሙቀት አንቺ በክርንሽ ለኪ። ክረምት ነውና ከሰል ምድጃ አጠገብ እግር ማሞቅ የለም፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላል። ቤት ውስጥም ባዶ እግራቸውን አይሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቁ ግድ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ሲመለሱ እግራቸው ይታይ።

ማታ ቡና ሲፈላ እግራቸውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ በስልክሽ መብራት ተመልከቺ። ተረከዙን፣ በጣቶቹ መሃል፣ ውስጥ እግሩን። ጠዋት ጫማቸውን ገልብጠሽ አራግፊ። እግራቸው ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ካተኮሳቸው፣ ጤና ጣቢያ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ስኳር ላለባችሁ ሁሉ፦ ክትትል ላይ የስኳር ቁጥራችሁ ተጽፎ፣ ጫማችሁ ሳይወልቅ የምትመለሱ ብዙ ናችሁ። ይህ ልክ አይደለም። እግር ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ስሜቱ ለቀነሰ ሰው ደግሞ በየጥቂት ወሩ መታየት አለበት። ማንም ባይጠይቃችሁም ጫማችሁን አውልቃችሁ ቁጭ በሉ።

ከየካ አባዶ፦ ተረከዜ ተሰነጣጠቀ። ስኳር የለብኝም።

ዩሪያ ያለበት ክሬም ከፋርማሲ ይግዙ። ካጡ ቫዝሊን። ማታ ታጥበው፣ ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ይቀቡና ካልሲ አድርገው ይተኙ። ስንጥቁ ከደማ የቆዳ ሐኪም ያሳዩ።